ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት

አጎቴ ሰይድ ስልክ ሲያወራ ይጮሃል። ሚስቱ ሪሃብ «አንተ ስልክ ምን ያደርግልሃል፣ በመስኮት ብትጣራ ባሕር ዳር ይሰሙሃል» ትለዋለች። ለዚህ ነው የዚያን ቀን ጠዋት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ስሰማ ከነሻይ ትሪዬ የሳሎኑ በር ላይ ቀጥ ያልሁት። «ሽማግሌው አምኗል፤ ቅዳሜ አስፈርሜዋለሁ» ይላል። «ቀኑን ያዛባው እሱ ነው፣ ከሥራ ተሰናብቷል ብለህ የሞላኸው ይበቃል። የልጅቱ ስም እንዳይነሳ። እሷ ከሥር ትፈርማለች፣ ነገሩ ዛሬውኑ ይዘጋል።»

ልጅቱ እኔ ነኝ። ሽማግሌው ደግሞ ቢቸና ዳርቻ ባለው የውሃ ማሸጊያችን በየጠርሙሱ አንገት ላይ ቀን የሚያትሙት ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ናቸው። በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለው የፈቃድ ወረቀታችንን የሚያዘጋጅልን አማካሪ ነው። ውሃ ማሸግ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። ምንጩ ይፈስሳል፣ ጠርሙሱ ይሞላል፣ አለቀ። ደንቡ ግን የውሃው ስም ይጻፍ፣ ምንጩ የት እንደሆነ ይጻፍ፣ በውስጡ ያለው ማዕድን በቁጥር ይጻፍ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ይታተም ይላል። እኛ ደግሞ ፈቃዱን ስናወጣ ቀኑን በሐበሻም በፈረንጅም እናትማለን ብለን አስመዝግበናል። ባለፈው ሳምንት ኢንስፔክተሩ መጣና ከመጋዘን አንድ ጠርሙስ አነሳ። ወደ ብርሃን አዞረው፣ ስልኩን አወጣ፣ አንዴ ጠርሙሱን አንዴ ስልኩን አየ። «እነዚህ ሁለት ቀኖች አይተዋወቁም» አለ። ከመስከረም አንድ ጀምሮ ያሸግነው ውሃ በሙሉ በፈረንጁ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ለምን እንደሆነና ምን እርምጃ እንደወሰድን ጽፈን እንድንጠብቀው ነግሮን ሄደ።

ጥፋቱን ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ማተሚያዋ በእጃቸው ናት። ነገር ግን እሳቸው የሚያትሙት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰንጠረዥ እያዩ ነው። መስከረም አንድ በፈረንጅ ስንት፣ መስከረም ሁለት ስንት እያለ እስከ ነሐሴ ሠላሳ የሚወርድ ሰንጠረዥ፤ በጳጉሜ ማሸጊያው ይዘጋል። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የማሸጊያው ጥራት ተቆጣጣሪ፣ ባሕር ዳር ኬሚስትሪ የተማርሁት ዑሙሰልማ። እውነቱን ለመናገር ሠራሁት አይባልም፤ የአምናውን ገልብጬ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀየርሁ። ጳጉሜ ስድስት መሆኗን ረሳሁ። ስድስተኛዋን ቀን ራሷን ቤቴ ተኝቼ፣ ልብሴን አጥቤ አሳልፌያታለሁ፤ ግን ረሳኋት። አስራ ሦስት ወር ያለው አገር ሰው ብቻ ሊሠራው የሚችል ስህተት ነው። ስልኬ የፈረንጁን ቀን ጠዋትና ማታ ያሳየኛል፤ የገዛ ሰንጠረዡን በስልኩ የሚጠረጥር ግን ማን ነው? ፕላስቲክ አልብሼ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም መትቼ ሰቀልሁት።

ሻዩን አስገባሁ። አጎቴ ስልኩን ኪሱ ከትቶ «ነይ ብዪ፣ መንገድ ነው» አለኝ። ሪሃብ እንቁላል ጠብሳ፣ ዳቦ ቆርሳ በመካከላችን አስቀመጠች። ግድግዳው ላይ የመጀመሪያው መለያችን በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። «ጁማና» ይላል፤ የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ ስም ነው። ጁማና ራሷ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከሥሩ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ታገባድዳለች። አባቴ አብዱራዛቅ ከሞተ ወዲህ ያደግሁት በዚህ ምንጣፍ ላይ ነው። አጎቴን ከቤት ውጭ ያለ ሰው ሁሉ «ሐጂ» እና «እርስዎ» ሲለው እኔ እንደ አባት «አንተ» እለዋለሁ። ሪሃብ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አይታ «ምነው፣ እንቁላሉ ጨው በዛው?» አለች። አልበዛም አልናት።

ከሞጣ ስንወጣ ገና አስራ ሁለት ተኩል ነበር። ፒክአፑ ኋላ ባዶ ካርቶን ጭነናል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጫጁን ይጠብቃል፤ በሌላ ቀን ቢሆን አጎቴ «ዘንድሮ ጥሩ ነው፣ ኩንታሉ ይረክሳል» ወይም «አይረክስም» እያለ ከራሱ ጋር ይከራከር ነበር። ዛሬ ሬዲዮ ከፈተ፣ ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ መኪናውን አቁሞ አንዲት ሻይ ቤት ገባን። ሁለት ሻይና ሁለት ቦንቦሊኖ አዘዘ። ልጅ ሳለሁ የምወደውን ነገር እስካሁን የምወድ ይመስለዋል፤ ደግሞም እወዳለሁ። የኔን ቦንቦሊኖ ወደኔ ገፋ አደረገና «ሰምተሻል አይደል?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«አንቺን ላድን ነው። የአንድ ሠራተኛ ስህተት ከሆነ ቀላል ጉድለት ይባላል፣ ዛሬ ይዘጋል። የጥራት ክፍሉ ስህተት ከሆነ ዋና ጉድለት ነው፤ ሥራ ይቆማል። ሃያ ሁለት ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ያንቺም ስም ባሕር ዳር ድረስ ይነሳል። ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?»

«ጋሽ ሀብተ ሥላሴስ?»

«አልጥላቸውም። ለበዓል በግም ጤፍም እልካለሁ። ደግሞ አምነው ነው የፈረሙት፤ አላስገደድኋቸውም።» ስልክ ላይ «እሱ» ያለውን ሰው አሁን «እሳቸው» አለው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ።

ስለ ራሴ መልካም ብቻ ባወራ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ከደብረ ወርቅ ቢቸና ድረስ ያለውን መንገድ በሙሉ ተስማምቼ ነው የሄድሁት። ደስም ብሎኝ ነበር። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ሊያርፉ ይገባል አልሁ። ባለቤታቸው ጥሩአየሁ ጓሮ አላት፣ ጎመን ትሸጣለች አልሁ። ሃያ ሁለቱን ሰው አንድ በአንድ ቆጠርሁና ከአንድ ሰው ጋር በሚዛን አስቀመጥኋቸው። ሂሳቡ እንዴት እንደሚያምር! ቦንቦሊኖውን በውሃ አወራረድሁት፤ በራሳችን ውሃ፣ አንድ ቀን ወደ ኋላ በቀረው።

ማሸጊያችን ከቢቸና ከተማ ወጣ ብሎ ያለ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ግቢ ነው። ሦስት ክፍል አለው፦ መሙያው፣ መለያ የሚለጠፍበት ረጅሙ ክፍልና አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማቀዝቀዣ ያለው የኔ «ላቦራቶሪ»። ረጅሙ ክፍል ገብቼ «እንደምን አደራችሁ» ስል ሴቶቹ ከአፍንጫቸው መለሱልኝ። የመለያ ለጣፊዎቹ አለቃ ብሩክታይት ብቻ ቀና ብላ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ወይዘሪት ጥራት» አለች። ስትቀልድብኝ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የምትለኝ፤ የዛሬው ግን ሳቅ አልነበረበትም። ሁሉም ሰምተዋል ማለት ነው። በመስኮቱ አጠገብ፣ ከሰንጠረዤ ሥር፣ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ተቀምጠዋል። እንዳይመጡ ተነግሯቸዋል፤ ግን ማተሚያዋን ሳያስረክቡ መቅረት ነውር ሆኖባቸው መጥተዋል። በአሮጌ የጥርስ ቡሩሽ ቁጥሮቿን አንድ በአንድ ያጸዳሉ። ኩታቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፣ ጋወናቸውን ግን አልለበሱም።

«ደህና አደርሽ ልጄ? ሞጣ ሰላም ነው? ያቺ ትንሿ ጁማና ደህና ናት?»

«ሁሉም ደህና ነው። እርስዎስ? ወይዘሮ ጥሩአየሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ማተሚያዋን አነሱልኝ። «ሰባቷ ቁጥር ትንሽ ትደነቃቀፋለች። በመርፌ ነው እንጂ በኃይል እንዳታዞሩዋት። ለሚተካኝ ሰው ንገሪው።»

ከጎናቸው ያለ ሳጥን ላይ ተቀመጥሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ለምን ፈረሙ? ያላጠፉትን ለምን አጠፋሁ አሉ?» አልኋቸው።

ቡሩሹን አቆሙ። «አጥፍቻለሁ እንጂ።» ወደ ሰንጠረዡ ቀና ብለው አዩ። «ጳጉሜ ስድስት መሆኗ እኔን ያመልጠኛል? የሉቃስ ዘመን ወጥቶ የዮሐንስ ገባ፤ ሉቃስ ሲወጣ ጳጉሜ ስድስት ናት። ልጅ ሆኜ ነው የቆጠርኋት። መስከረም አንድ ቀን ሰንጠረዥሽን አየሁት፣ ያው የአምናው ነው። እኛ አንድ ቀን ስንጨምር የፈረንጁ ቀን ቆሞ አይጠብቀንም። እንደተሳሳትሽ ያን ጊዜውኑ ገባኝ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ በወጣትነታቸው ከደጀ ሰላም ደጀ ሰላም እየዞሩ የተማሩ ሰው ናቸው። በደብራቸው ዘንድሮ ጾም መቼ ይገባል፣ ፋሲካ መቼ ይውላል ሲባል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ እኔም አውቃለሁ። ይህን እያወቅሁ ሰንጠረዡን አንድ ቀን እንኳ «እስኪ ይዩልኝ» አላልኋቸውም። እንዲያነቡት ብቻ ሰጠኋቸው።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሽ ሀብተ ሥላሴ?»

«ሁለት ጊዜ መጥቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እንግዶች ይዘሽ ሰንጠረዡን ታሳያለሽ። ሐጂም አጠገብሽ ቆመው ፊታቸው በርቷል። በዚያ መሀል ገብቼ ልጅቱ ተሳስታለች ልበል? በሁለተኛው ቀን ብቻሽን ነበርሽ። በሩ ላይ ቆምሁ፣ ደህና ዋይ አልሁና ተመለስሁ። አንቺ ዩኒቨርሲቲ የገባሽ፣ እኔ ቁራሽ ለምኜ የተማርሁ፤ ምን ብዬ ልጀምረው? ከዚያ ወዲያ ቀኑ በሄደ ቁጥር ማንሳቱ እየከበደኝ መጣ። አንቺ አላወቅሽም ነበር፣ ልጄ። አውቄ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። ሐጂ ወረቀቱን ሲሰጡኝ እውነት ነው ብዬ ነው የፈረምሁት።»

ሁለተኛውን ቀን አስታወስሁት። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የላቦራቶሪዬ በር ላይ ቆመው ነበር። እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ፣ በቅጡ ቀና ሳልል «ምን ፈለጉ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ?» አልኋቸው፤ ሰው ከሥራው ሲያናጥቡት በሚናገርበት ድምፅ። «ምንም፣ ደህና ዋይ ልል ነው» አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ይበሉ? እንባዬ መጣ። ሴቶቹ እንዳያዩኝ ወደ መስኮቱ ዞርሁ፤ ብሩክታይት ግን አየችኝ።

ኢንስፔክተሩ አቶ ስጦታው አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ወጣት ነው፣ በሕዝብ መኪና ተጨናንቆ የመጣ፣ ጫማው አቧራ የጠጣ፣ ትሑት ሰው። አጎቴ በጠባቡ ቢሮው ውስጥ ወንበር ሰጠው፣ ጠርሙስ ከፍቶ ሊቀዳለት ሲል «የምመረምረውን አልጠጣም፣ ይቅርታ» አለ። አጎቴ እንደ መሳቅ ብሎ ቅጹን አቀረበለት፣ ከዚያ ወደኔ ገፋው። ከ«ምክንያት» ሥር «ሠራተኛው ቀኑን ሲያትም በፈጸመው ስህተት» ይላል። ከ«የእርምት እርምጃ» ሥር «ሠራተኛው ከሥራ ተሰናብቷል» ይላል። የጋሽ ሀብተ ሥላሴ ፊርማ በቀይ ቀለም ነው፤ የግእዝ ፊደላቸው ከታተመው ጽሑፍ ይበልጥ ያምራል። የቀረው የኔ ፊርማ ነው።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። በኛ ሥራ ወረቀት አይቀደድም፣ የተጻፈ አይፋቅም፤ የተሳሳተው ላይ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ከጎኑ ይፈረማል። ይህን ለሠራተኞቹ ሁሉ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። በሁለቱም ላይ መስመር አሰመርሁና ከጎናቸው ፈረምሁ። «ዑሙሰልማ» አለ አጎቴ። ሰልማ ነው የሚለኝ፤ ሙሉ ስሜን የሚጠራው ሲቆጣ ብቻ ነው። ከ«ምክንያት» ሥር ጻፍሁ፦ «ሰንጠረዡን ያዘጋጀችው ጥራት ተቆጣጣሪዋ ዑሙሰልማ አብዱራዛቅ ናት። ጳጉሜ ስድስት መሆኗን አላሰበችም። የሚያውቅ ሰው በአጠገቧ እያለ አልጠየቀችም።» ከ«እርምጃ» ሥር ደግሞ «ከእንግዲህ ሰንጠረዡ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ሳይመረመር አይሰቀልም» አልሁና ቅጹን ለኢንስፔክተሩ ሰጠሁት። አጎቴን ላለማየት ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሻይ ነጠብጣብ ነበር የማየው።

አቶ ስጦታው ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ጋሽ ሀብተ ሥላሴን አስጠራቸው። ኩታቸውን አጣፍተው ገቡ፣ ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ አሉ።

«ጳጉሜ ስድስት እንደነበረች ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ጌታዬ። ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም። አውቄ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ።»

ኢንስፔክተሩ ቅጹን ገለበጠ። በጀርባው በኩል ምልክት የሚደረግባቸው ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፦ የመሣሪያ ብልሽት፣ የሥልጠና ማነስ፣ የሰው ስህተት። በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ በአንድ ወረደባቸው። «በይሉኝታ ዝም ማለት የሚል የለም» አለ፤ ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ ሲል አየሁት። «ቀጥሎ ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው መቼ ነው?»

«ዮሐንስ፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ። ከዚህ ወዲያ አራተኛዋ ጳጉሜ ናት።» ጣታቸውን እንኳ አላነሱም።

«ይህን ለመማርዎ ወረቀት አለዎት? መርማሪ ተብለው ከተጻፉ ማስረጃ ይጠየቃል።»

«ያስተማሩኝ የኔታ ወልደ ሰንበት ሞተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። ወረቀት እሳቸውም አልነበራቸው።»

አቶ ስጦታው ትንሽ አሰበ። ከዚያ «በቃል ተፈትኖ ታይቷል» ብሎ በራሱ እጅ ጽፎ ፈረመበት። ደስ ሊለኝ ሲጀምር ቀጠለ። «ሐጂ፣ ይህ ግን ዋና ጉድለት ነው። ሌላ ላደርገው አልችልም። ዛሬ ኅዳር አስር ነው፤ ኅዳር ሃያ አምስት እመለሳለሁ። እስከዚያ አንድ ጠርሙስ አይታሸግም። መጋዘን ያለው ሁሉ የተሳሳተው ቀን ተነስቶ ትክክለኛው ሳይታተም አይወጣም። ከተስተካከለ በዚያው ቀን ሥራ ትጀምራላችሁ። ስንብቱ ከቅጹ ወጥቷል። ሰውየውን በሥራቸው ማቆየት አለማቆየት ግን የእርስዎ ነው፤ እሱን እኔ አልጽፍም።»

አጎቴ ቅጹን ሳያነብ ፈረመ። ኢንስፔክተሩን በር ድረስ ሸኘው፣ እጁን ጨበጠው። ተመልሶ ሲመጣ በእኔና በጋሽ ሀብተ ሥላሴ መካከል አለፈ፣ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ ወጣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ድምፁን ሁላችንም ቆመን ሰማን። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ማተሚያዋን በጨርቅ ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡ። «ምን አደረግሽ ልጄ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሐጂን ምን አደረግሻቸው?» ያሳደገኝን ሰው በባዕድ ፊት አሳፍሬያለሁ፤ የሳቸውንም ሥራ ማትረፌን እርግጠኛ አልነበርሁም።

ሠራተኞቹን ሰብስቤ ነገርኋቸው፣ ከሰንጠረዡ እስከ አስራ አምስቱ ቀን። አንዳንዱ ጭንቅላቱን ያዘ፣ አንዷ «የቤት ኪራዬስ?» አለች። እኔን የሚሳደብ ይኖራል ብዬ ጠበቅሁ። ብሩክታይት ከመደርደሪያው አንድ ጆንያ ጨርቅ አወረደችና ከመካከሉ አንዱን ቀድዳ ወረወረችልኝ። «ነያ፣ ወይዘሪት ጥራት። ቆመሽ ብታዪው ቀኑ አይጠፋም፤ ጥረጊ» አለች። የዚህን ጊዜ ሳቋ ተመልሶ ነበር።

ካርቶኖቹን ወደ ግቢው አውጥተን በጥላው ሥር ከበን ተቀመጥን። ጨርቁን አልኮል እያስነከርን ከየጠርሙሱ አንገት የተሳሳተውን ቀን እንጠርጋለን። ቀለሙ እንደ ዋዛ አይለቅም፤ ጥፍር ይፈልጋል። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ በሩ ድረስ ሄደው ቆሙ። መሄድም መመለስም ያፈሩ ይመስላሉ። ብሩክታይት ሳጥን ጎትታ «ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ ምን ይገትርዎታል?» ስትላቸው መጥተው ተቀመጡ፣ ጨርቅ ያዙ። ስለ ጤፍ ወሬ ተነሳ፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ አንዷ እህት ሰርግ። እኔ እየጠረግሁ ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር።

አጎቴ የተመለሰው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ሶላቱን ሰግዶ ነው የመጣው፤ የሱሪው ጫፍ ገና አልደረቀም። አንድ ጆንያ ዳቦና አንድ ትልቅ ዘለላ ሙዝ ተሸክሟል። ምሳ እንዳልበላን አውቋል ማለት ነው። ለብሩክታይት ሰጥቶ «አከፋፍዪ» አለ። ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ፣ እጅጌውን ጠቀለለ፣ ከጋሽ ሀብተ ሥላሴ ፊት ለፊት ካርቶን ላይ ተቀመጠና ጨርቅ አነሳ። ሦስት አራት ጠርሙስ ጠረገ። የልጁ ስም በእያንዳንዱ ላይ አለ። እኔን አላየኝም፤ ግን ሙዝ ሲታደል አንዱን ተቀብሎ፣ ልጦ፣ ሳያይ ወደኔ ዘረጋልኝ። ተቀበልሁት። ቁጣው አልበረደም፣ ግን ልጁ ነኝ።

«ጋሽ ሀብተ ሥላሴ» አለ ከጠርሙሱ ቀና ሳይል። «ለሷስ ለመንገር አፈሩ። ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «መቼ ጠይቀውኝ ያውቃሉ፣ ሐጂ?»

አጎቴ ጨርቁን አስቀመጠ። ሦስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። በየጠዋቱ ደህና አደሩ ይባባላሉ፣ በየበዓሉ እንኳን አደረሰዎ ይባባላሉ። አጎቴ ይህን ሁሉ እያሰበ መሆኑ ግንባሩ ላይ ይታይ ነበር። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ከአጠገቤ ማተሚያዋን አነሳ፣ ጨርቋን ፈታ፣ በጋሽ ሀብተ ሥላሴ ጉልበት ላይ አስቀመጣት። «እንግዲህ ልጠይቅዎ» አለ፤ ድምፁ ወደ ጩኸቱ ተመልሷል። «ኅዳር ሃያ አምስት በመጀመሪያው ጠርሙስ ላይ የሚያትሙት ቀን በፈረንጅ ስንት ነው?»

«የሚያትሙት» እንዳላቸው ሁላችንም ሰምተናል። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ማተሚያዋን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። መልሱን እንደሚያውቁት ፊታቸው ይናገራል። ነገር ግን ወደኔ ዞሩ። «እሷ ትናገር» አሉ። «ሰንጠረዡ የሷ ነው። እኔ እሰማለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ ስለዚህ ነገር እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ግን አእምሮዬ የለመደውን ያዘ። ኅዳር አንድ፣ ኖቬምበር አስር፤ እሱን ይዤ ቆጠርሁ። «ዲሴምበር አራት» አልሁ አፌን ሞልቼ።

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ወደ መሬት አዩ። ወደ አጎቴ አዩ። ያ በላቦራቶሪዬ በር ላይ የነበረው፣ ባርኔጣውን ይዞ የቆመው ፊት ተመልሶ ሲመጣባቸው አየሁት፣ እኔም መሳሳቴን ያን ጊዜ አወቅሁ። ራሴን ለማረም አፌን ልከፍት አልሁና ተውሁት። ጠበቅኋቸው። ሃያ ሁለት ሰው ጨርቁን እንደያዘ አብሮኝ ጠበቀ።

«ተሳስተሻል» አሉ ጮክ ብለው፣ ሐጂም ሠራተኛውም እየሰማ። «አምስት ነው፣ ልጄ። አምስት።»